ቤታችንን ሸጠን እናሳክማቸው ወይ? ስለ ጡትና ስለ ፕሮስቴት ካንሰር አዳዲስ መድኃኒቶች የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጎንደር አዘዞ ነው። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ከሰባት ወር በፊት ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶ፣ ኬሞ ጨርሳ፣ አሁን ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን ለአምስት ዓመት ዋጪ ተብላለች። ቆላ ድባ ያሉት ወንድሟ፣ አጎቴ፣ 67 ዓመታቸው ነው፤ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንታቸው ላይ ደርሷል ተብሎ የዘር ፍሬያቸው ይውጣ ተባለ፤ እሳቸው ግን እንቢ ብለዋል። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን ‹ይኼ ሁሉ የድሮ ሕክምና ነው፣ አሁን አዳዲስ መድኃኒት ወጥቷል› ይለናል። ማራኪ ሰፈር ያለችንን ቤት ሸጠን ውጭ እንውሰዳቸው ወይ? ሁለቱም መታመማቸውስ በዘር ነው ወይ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከአንድ ቤተሰብ ሁለት ሰው ማስታመም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ነገር ሳላቆይ ልንገርዎ። ቤቱን አይሽጡ። አንድ ቀን ለመሸጥ የሚያበቃ ምክንያት ሊመጣ ይችል ይሆናል፤ በጻፉልኝ ነገር ውስጥ ግን አላየሁትም።

ዘመድዎ አልዋሸም። እኔ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ስማቸው እንኳ ያልነበረ ብዙ መድኃኒቶች ዛሬ አሉ። የተሳሳተው «የድሮ» ያለው ላይ ነው። አዲሶቹ የድሮውን አልሻሩትም፤ በላዩ ላይ ነው የተደረቡት። አብዛኞቹም ያለ እሱ አይሰጡም። የእናትዎ ክኒንና ለአጎትዎ የታዘዘው ቀዶ ሕክምና የግንቡ መሠረት ናቸው፤ አዲሱ ምርምር የሚገነባው ፎቅ ነው።

የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ኤስትሮጅን በሚባለው የሴት ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ጥናትም ከሦስት ታካሚዎች የሁለቱ ያህል ዕጢ እንዲህ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ ሲጀምር ሁሉም ማለት ይቻላል ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው የሚኖረው። ምድጃና ማገዶ አድርገው ያስቡት። ሆርሞኑ ማገዶ ነው፤ በካንሰሩ ሴል ውስጥ ያለው የሆርሞን ተቀባይ ምድጃው ነው። እሳቱን ለማጥፋት ማገዶውን መንሳት ይቻላል፤ የምድጃውን አፍ መክደንም ይቻላል፤ ምድጃውን ራሱን ማፍረስም ይቻላል። ካንሰሩ ደግሞ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ማገዶ ሲነሱት ራሱ ለቅሞ ያመጣል፣ አፉ ሲከደን በሌላ ቀዳዳ ይተነፍሳል። የዛሬው ምርምር ሩጫ እነዚህን ቀዳዳዎች ተከትሎ መድፈን ነው።

ማገዶ መንሳትን የጀመረው የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጡት ካንሰራቸው የተስፋፋባቸውን ሴቶች ኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻውን፣ ሲያወጣ ዕጢው እንዳፈገፈገ አሳተመ። «ሆርሞን» የሚለው ቃል ራሱ ገና አልነበረም። ፍንጩን የሰጡት ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ኦቫሪዋ የወጣ ላም ወተቷ ቶሎ እንደማይነጥፍ ያውቁ ነበር። በ1941 ደግሞ ቻርልስ ሀጊንስና ባልደረባው ቺካጎ ላይ የዘር ፍሬ ማውጣት የተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰርን እንደሚያስታግስ አሳዩ፤ ሀጊንስ በ1966 ለዚህ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ለአጎትዎ የታዘዘላቸው ይኸው ኖቤል ያሸለመው ሕክምና ነው። አንድ ሕክምና ይህን ያህል ዓመት ሳይሻር የቆየው ስለሚሠራ ነው።

ወደ እናትዎ ልምጣ። ያልጻፉልኝ አንድ ነገር አለ፣ ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው፦ በናሙናው ላይ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተሠርቷል ወይ? በፓቶሎጂው፣ ማለትም በሥጋው ምርመራ፣ ወረቀት ላይ «ኢአር» (ER፣ የኤስትሮጅን ተቀባይ) እና «ፒአር» (PR፣ የሌላው የሴት ሆርሞን የፕሮጄስትሮን ተቀባይ) ተብሎ ከመቶኛ ጋር ይጻፋል። ከካንሰሩ ሴሎች ቢያንስ 1 በመቶው ተቀባዩ ካላቸው ዕጢው «ፖዘቲቭ» ይባላል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ታሞክሲፈን የሚሰጠው ጥቅም የተረጋገጠ ይሆናል። ጭራሽ ከሌላቸው ግን ታሞክሲፈን አይረዳቸውም፤ ሕክምናው ሌላ ነው። እኔ ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ምርመራው ስለማይደረስበት ለሁሉም ታሞክሲፈን እንጽፍ ነበር። ለብዙዎቹ ትክክል ሆነ። ለቀሪዎቹ ግን ለዓመታት የማይረዳቸውን ክኒን አሸክመን ላክናቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወረቀቱ ላይ ከሌለ ጊዜው አላለፈም። ከጡታቸው የተወሰደው ሥጋ በሰም ውስጥ ተቀብሮ ብሎክ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመረመር ይችላል። ፓቶሎጂ ክፍሉን የብሎኩን ቁጥር ጠይቀው ይመዝግቡ። ምርመራው ወደሚሠራበት ቦታ መላክ ካስፈለገ ብሎኩ ነው የሚሄደው፤ እናትዎ መንገላታት የለባቸውም። ይህን የሚያነቡና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ቤተሰቦች ካሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሥጋው እንደወጣ ቶሎ ፎርማሊን ውስጥ፣ ሳይበላሽ በሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ፣ መግባት አለበት። በውኃ ወይም በባዶ ዕቃ ከዋለ፣ ወይም ፎርማሊን ውስጥ ከመጠን በላይ ከቆየ፣ ተቀባዩ እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። በዚያ ስህተት አንዲት ሴት የሚያድናትን ክኒን ታጣለች።

ምርመራው ፖዘቲቭ ከሆነ እናትዎ የያዙት ክኒን ተራ ክኒን አይደለም። ታሞክሲፈን እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ዶራ ሪቻርድሰን በምትባል የኬሚስትሪ ባለሙያ የተቀመመ ነው፤ የታሰበው ለወሊድ መከላከያ ነበር። ለዚያ አልሆነም። በ1970ዎቹ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ፤ የምድጃውን አፍ የሚከድን የመጀመሪያው ትልቅ መድኃኒት ሆነ። በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ፣ ኢአር ፖዘቲቭ የሆነች ሴት አምስት ዓመት ሙሉ ከወሰደችው በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድሏ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ከአዳዲሶቹ መድኃኒቶች አብዛኞቹ የሚመኙት ውጤት ነው ይህ። በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት ደግሞ አሥር ዓመት መውሰድ ከአምስት እንደሚሻል አሳየ፤ ስለዚህ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ «ጨረስኩ» ከማለታቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

አሁን እናትዎ 54 ዓመታቸው ነው፤ ኬሞም ወስደዋል። የወር አበባቸው ጨርሶ ከቆመ፣ ካረጡ ማለት ነው፣ ኤስትሮጅን የሚመጣው ከኦቫሪ ሳይሆን ከስብና ከሌላው ገላ ነው፤ እዚያ የሚያመርተው አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እሱን የሚያግዱት አናስትሮዞል፣ ሌትሮዞልና ኤክሰሜስታን ላረጡ ሴቶች ከታሞክሲፈን በመጠኑ የተሻሉ ናቸው፤ የበሽታውን መመለስም የሞትንም ቁጥር ይቀንሳሉ። ማህፀንንም አይነኩም። አጥንት ግን ያሳሳሉ፣ መገጣጠሚያ ያሳምማሉ። ኦቫሪው ገና እየሠራ ላለች ሴት ብቻቸውን ከተሰጡ ደግሞ ከንቱ ናቸው። በኬሞ ምክንያት የወር አበባ መቆም ሁልጊዜ ማረጥ ስላልሆነ ይህን ሐኪሙ አረጋግጦ ይወስናል። ዘመድዎ ከውጭ መላክ የሚፈልገው ነገር ካለ ስለነዚህ መነጋገር ይቀላል፤ የቆዩና ርካሽ ቅጂ ያላቸው መድኃኒቶች ናቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ክኒኑ መቋረጡ ነው። ከደባርቅ አካባቢ የምትመጣ አንዲት ታካሚ ነበረችኝ። ሁለት ዓመት ወስዳ «ደህና ነኝ» ብላ ተወችው፤ ከዚያ በኋላ ያየኋት ጀርባዋን ይዛ ስትመጣ ነው። በእሷ አልፈርድም። ክኒኑ ሕመም ሲያስታግስ አይታይም፤ የሚታየው ወበቁና የሌሊት ላቡ ነው፤ ቁጭ ተብሎ የሚነጋ እንቅልፍ አጥ ሌሊት ነው። ለማትታይ ጠላት በየቀኑ ዘብ መቆም ይከብዳል። ስለዚህ እናትዎ ሲማረሩ «ዝም ብለሽ ዋጪ» አይበሏቸው፤ ለሐኪም ይንገሩ፣ የሚደረግ ነገር አለ። ካረጡ በኋላ ከማህፀን ደም ከታየ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ከቆረጠማቸው፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ክኒኑ አልፎ አልፎ የማህፀን ካንሰርና የደም መርጋት ያስከትላል።

ስለ ጾምና ስለ ጠበልም ልናገር፤ ጎንደር ላይ ሆኖ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ሐኪምነት አይመስለኝም። ታሞክሲፈን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሰዓቱ ማታ ቢሆን ምንም አያጎድልም። ስለዚህ የሚጾሙ ከሆነ ከማዕድ በኋላ ማታ ይውሰዱት፤ ጾም ክኒን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ጠበል ሲገቡ «መድኃኒቱን ተዪ» የሚላቸው ሰው ካለ፣ በኤችአይቪ መድኃኒት ዘመን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበል ጋር እንዲወስዱ ማስተማራቸውን ያስታውሱት። ክኒኑን በጠበሉ ይዋጡት።

ስለ ታሞክሲፈን አንድ የእኛው የሆነ ነገር አለ፤ ደስ እያለኝ ነው የምጽፈው። ክኒኑ ሲዋጥ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ-2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው ወደ ጠንካራው መልኩ የሚቀይረው። ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከመረመሯቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ የተሰጣቸው ሆነው ተገኙ፤ ከአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ከዓመታት በኋላ በኢትዮጵያውያን የጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ በተሠራ ጥናትም ጂናቸው ብርቱ የሆኑት በደማቸው ውስጥ የጠንካራው መልክ መጠን ከፍ ብሎ ታይቷል። እንዲህ ያለ ነገር በፈረንጅ አገር ሴቶች ላይ ብቻ በተሠራ ጥናት አይገኝም። አዲስ መድኃኒት ሁሉ በእኛ ሰው ላይም ይፈተሽ የምለው ለዚህ ነው። ለእናትዎ ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር አንድ ነው፦ ለጭንቀት ወይም ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ይህን ኢንዛይም ያግዱታል። ከታዘዘላቸው ታሞክሲፈን እንደሚወስዱ ይናገሩ፤ ሌላ ምትክ አለ።

አሁን ዘመድዎ ወደሚለው አዲስ መድኃኒት እንግባ። በጡት ካንሰር ትልቁ ለውጥ የመጣው የሴል መከፋፈልን በሚያግዱ ክኒኖች ነው፦ ፓልቦሲክሊብ (እ.ኤ.አ. 2015)፣ ራይቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ (ሁለቱም 2017)። ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል ለተሰራጨባቸው ሴቶች ከሌትሮዞል ጋር ሲሰጥ ራይቦሲክሊብ አማካይ ዕድሜን ከ51 ወር ወደ 64 ወር ገደማ አሳድጓል። አንድ ዓመት ማለት ነው፤ ሠርግ የሚታይበት፣ የልጅ ልጅ የሚታቀፍበት ዓመት። ይህን አላቃልልም። ነገር ግን የእናትዎ በሽታ በጡትና በብብት ሳይወጣ በቀዶ ሕክምና ተነሥቷል ብዬ ነው ከጽሑፍዎ የተረዳሁት። እንዲህ ላሉ ሴቶች እነዚህ መድኃኒቶች የሚታሰቡት የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ብዙ የብብት ንፍፊት ተነክቶ ከሆነ። በአሜሪካ የአንዱ ክኒን የወር ዋጋ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው፤ የሚወሰደውም ለሁለትና ለሦስት ዓመት ነው። የማራኪው ቤት ከጥቂት ወር በላይ አይገዛም፤ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆም ሕክምና ደግሞ ያከስራል እንጂ አያድንም።

ምድጃውን የሚያፈርሱት ሌላ ወገን ናቸው። ፉልቬስትራንት የተባለው የመቀመጫ መርፌ ከ2002 ጀምሮ አለ። በ2023 መጀመሪያ ኤላሴስትራንት የተባለው በክኒን መልክ የመጀመሪያው ሆኖ ተፈቀደ። የሚሰጠው ለረጅም ጊዜ ሆርሞን ተነፍጎ የኖረው ካንሰር የተቀባዩን ጂን ሲለውጥ ነው፤ ያን ጊዜ ምድጃው ያለ ማገዶ ይነድዳል። ጥናቱ ላይ በሽታው ሳይብስ የቆየበት አማካይ ጊዜ ከ1.9 ወር ወደ 3.8 ወር ነው ያደገው። «አዲስ መድኃኒት ወጣ» የሚል ዜና ሲሰሙ ይህን ቁጥር ያስታውሱ። ለሳይንሱ ትልቅ በር ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ቤት የሚያሸጥ ነገር ላይሆን ይችላል። እናትዎ ደግሞ ከዚያ ምዕራፍ ገና ሩቅ ናቸው፤ እግዚአብሔር ሩቅ ያድርግላቸው።

አጎትዎ «እንቢ» ማለታቸው አይገርመኝም። በእኛ አገር ይህ ነገር ሲነሣ አንድ ገበሬ ጆሮ ላይ የሚደርሰው «ስለባ» የሚለው ቃል ነው፤ የጦርነትና የውርደት ቃል። ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆሞ «ይውጣ» ብሎ ካለፈ፣ ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቀያቸው ቢመለሱ ጥፋቱ የሐኪሙ ነው። ቁጭ ብለው፣ ቢቻል ከሚያከብሩት ወንድ ዘመድ ወይም ከንስሐ አባታቸው ጋር፣ እንዲህ ቢነገራቸው ደስ ይለኛል፦ የሚወጣው ፍሬው ብቻ ነው፤ ብልታቸውም ከረጢቱም እንዳለ ይቀራል። የፍሬውን ሽፋን ትቶ ውስጡን ብቻ የሚያወጣ የቀዶ ዓይነትም አለ፤ ሲነካ እንኳ ጨርሶ ባዶ አይሆንም። በሬ ተኮላሽቶ ይበልጥ እንደሚሠራ እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚያጡትንም አልደብቅም። የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይጠፋል፤ ጡንቻ ይላላል፤ ወበቅ ይመጣል፤ አጥንት ይሳሳል። ባለቤታቸውም ይህን አብረው መስማት አለባቸው። በምላሹ ቴስቶስትሮኑ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፤ እንቅልፍ የሚነሳው የአጥንት ሕመምም ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይለቅቃል።

በምንም መንገድ አልፈልግም ካሉ ምርጫ አላቸው። ጎሴሬሊንና ሉፕሮላይድ የሚባሉት መርፌዎች በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ተወግተው ያንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ በሽታውን በመቆጣጠር ከቀዶው አያንሱም። ጣጣቸው ዕድሜ ልክ መሆናቸውና አንድ ቀጠሮ ካመለጠ ማገዶው መመለሱ ነው። ከቆላ ድባ ጎንደር መመላለሱ፣ መንገዱ ሰላም መሆን አለመሆኑ፣ መድኃኒቱ ፋርማሲ መገኘቱ ሁሉ ይታሰብ። ሌላም አለ፦ መርፌው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቴስቶስትሮንን ከፍ ያደርጋል። ካንሰሩ የጀርባ አጥንት ላይ ላለ ሰው ይህ አደገኛ ስለሆነ አስቀድሞ ቢካሉታማይድ የሚባል ክኒን መጀመር አለበት፤ ቀዶው ይህ ችግር የለበትም። መርፌም ይሁን ቀዶ፣ እግራቸው ድንገት ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንት ከከለከላቸው በዚያው ቀን ሆስፒታል ያድርሷቸው። የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር እየተጨፈለቀ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሌሊት ማደር ለዘላለም ያሽመደምዳል።

አዲሱ ምርምር በእርግጥ የሚጠቅመውም እሳቸውን ነው፤ ገንዘብ ካለ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። የዘር ፍሬው ከወጣ በኋላም ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ትንሽ ማገዶ ያመርታሉ፤ ካንሰሩ ራሱም ይለቅማል። ለንደን በሚገኘው የካንሰር ምርምር ተቋም የተፈለሰፈውና በ2011 የተፈቀደው አቢራቴሮን ይህን ያግዳል። መጀመሪያ የተሰጠው ሁሉም ነገር ለተሟጠጠበት ሰው ነበር። በ2017 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ግን ገና ከመጀመሪያው፣ ልክ አጎትዎ ዛሬ ባሉበት ደረጃ፣ ከቀዶው ወይም ከመርፌው ጋር ቢሰጥ የሞትን አደጋ ከሲሶ በላይ እንደሚቀንስ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከአስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ሕንድ የሚሠሩ ቅጂዎች ስላሉም ዋጋው እንደ ድሮው አይደለም። ዘመድዎ ልርዳ ካለ «አቢራቴሮን 250 ሚሊግራም፣ ከፕሬድኒሶሎን ጋር» ብለው ይንገሩት፤ ግን ሐኪማቸው ሳያዝ አይጀመር። ደም ግፊት፣ ፖታሲየምና ጉበት በየጊዜው መታየት አለባቸው።

አቢራቴሮን ከምግብ ጋር ያለው ነገር ልዩ ነው። በመደበኛው አወሳሰድ አራቱ ክኒን በባዶ ሆድ ነው የሚዋጠው፤ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ከተዋጠ ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ ስለሚያድግ አደገኛ ነው። ለሚጾም ሰው ባዶ ሆድ ችግር አይሆንም፤ ክኒኑን ጠዋት ገና ሳይቀምሱ ይወስዱታል። ይህንኑ የምግብ ጠባይ ተጠቅመው አንድ ክኒን ብቻ ከቀላል ቁርስ ጋር የሰጡ ተመራማሪዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው፣ በ72 ታካሚዎች ላይ በተሠራው ጥናት ፒኤስኤን፣ ማለትም በደም ውስጥ የሚለካውን የፕሮስቴት ካንሰር ጠቋሚ፣ በማውረድ ከአራቱ ክኒን አላነሰም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ዕድሜን ለማራዘም እኩል መሆኑን አላረጋገጠም። ቢሆንም ገንዘቡ ለአራት ክኒን በማይበቃበት ቤት «ምንም» ከማለት በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ያለበት ነገር ነው። በራስ ግን በፍጹም አይሞከርም።

አቢራቴሮን ካልተቻለ ዶሴታክሴል የሚባል የቆየ ኬሞ አለ፤ ስድስት ዙር ነው። በ2015 በታተመ ጥናት ከሆርሞን ሕክምናው ጋር ሲጨመር አማካይ ዕድሜን ከ44 ወደ 58 ወር ገደማ አድርሷል። አቅማቸው ደህና ከሆነ ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የኤስትሮጅን ፕላስተር በመርፌ ፈንታ ተሞክሮ፣ በአካባቢው በተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር ላይ ከመርፌው እንደማያንስ በ2024 ቀርቧል። የጡት ካንሰር የሚፈራው ሆርሞን ለፕሮስቴት መድኃኒት መሆኑ ያስገርማል፤ ርካሽ ስለሆነም ለእኛ አገር ተስፋ አደርግበታለሁ። ሉቴሺየም የተሰኘው ጨረራዊ መርፌ በ2022 ተፈቅዷል፤ ያኔ የተፈቀደው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ እንዲሰጥ ነበር፣ ያተረፈውም አማካይ አራት ወር ነው።

ውጭ መሄድን በተመለከተ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ አንድ የተወሰነ ነገር ሲኖር ነው። ይህ ምርመራ ወይም ይህ ጨረር እዚህ የለም፣ ይህን ያህል ይፈጃል፣ ከተመለስንም በኋላ እዚሁ ይቀጥላል የሚባል ነገር። «እዚያ ይሻላል» ብቻ አይበቃም። የጀመሩት ክኒን ጎንደር ላይ የማይገኝ ከሆነ ትኬቱም ቤቱም ባከነ። በስልክ ጨርሶ የሚያድን ሕክምና አለ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ካጋጠመዎ ስልኩን ይዝጉት። እውነተኛ የመድኃኒት ሙከራ ታካሚውን የሙከራውን መድኃኒት ዋጋ አያስከፍልም፤ በጽሑፍ አስረድቶ ያስፈርማል፣ በፈለገ ጊዜ መውጣትም ይፈቅዳል።

በዘር ነው ወይ ላሉት፣ ሊሆን ይችላል። እኅትና ወንድም አንዱ በጡት አንዱ በፕሮስቴት መታመማቸው አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የተለመዱ በሽታዎች ናቸው። ግን ብራካ-2 የሚባል ጂን ሲበላሽ ሁለቱንም ካንሰር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያመጣል፤ ከአባትም ከእናትም ይወረሳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ይህን ማወቅ ለሕክምናም ይጠቅማል፦ ኦላፓሪብ የተባለው ክኒን ጂኑ ለተበላሸባቸው ለተወሰኑ የጡትም የፕሮስቴትም ታካሚዎች ተፈቅዷል፤ ለፕሮስቴት የተፈቀደው በ2020 ነው። ምርመራው በደም ወይም በምራቅ ይሠራል። መጀመሪያ መመርመር ያለባቸው የታመሙት ናቸው፤ እርስዎ አይደሉም። በእነሱ ላይ ጉድለቱ ከተገኘ ያንን አንዱን ነጥብ በእርስዎና በወንድሞችዎ ላይ መፈለግ ቀላል ይሆናል። ቤተሰቡ ውስጥ ሌላ የታመመ ካለ፣ በተለይ ከ50 ዓመት በፊት ጡቷን ወይም ኦቫሪዋን የታመመች አክስት ወይም የአክስት ልጅ ካለች፣ አያቶችን ጠይቀው ይጻፉልኝ። ያ ዝርዝር ከምርመራው በፊት ብዙ ይነግረናል።

እስከዚያው እርስዎ ጡትዎን ይወቁት። አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሸብሸብ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካዩ አያሳድሩ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ በባለሙያ እጅ ይታዩ። ወንድሞችዎ 40 ዓመት ሲሞላቸው ስለ ፒኤስኤ ምርመራ ሐኪም ያነጋግሩ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የእናትዎን የፓቶሎጂ ወረቀት ከብሎኩ ቁጥር ጋር፣ የአጎትዎን የፒኤስኤ ውጤቶች ደግሞ ከነቀናቸው ይዘው ይሂዱ። አጎትዎንም ይዘዋቸው ይሂዱ።